መዝገቡ ይከፈት! የታሰረ ወንድማችን የት እንዳለ መጠየቅ ወንጀል አይደለም

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ግቢ ተነስተን ጥያቄያችንን በሰላም ማሰማት ከጀመርን ወዲህ እስርን በደንብ አውቀነዋል። ዳዒዎቻችን ታስረዋል፣ ኡስታዞቻችን ታስረዋል፣ ከሶላት ሲወጡ የተያዙ ወጣቶቻችን ታስረዋል። በ2015 ዓ.ም. ግንቦት በሸገር ከተማ የመስጂዶችን መፍረስ ተቃውመን በታላቁ አንዋር መስጂድ ድምፃችንን ባሰማን ጊዜም ያው እስር ደግሞ መጣ። ስለ እስሩ ግፍ ብዙ ተናግረናል፤ ገናም እንናገራለን። ዛሬ የምናነሳው ግን ከእስሩ ቀጥሎ የሚመጣውን፣ ብዙ ጊዜም በዝምታ የምናልፈውን በደል ነው። እርሱም በፖሊስ ጣቢያ በር ላይ የሚሰጠው መልስ ነው፦ «እኛ ጋ የለም።»

ልጁ የታሰረበት ቤተሰብ ያዝናል። የት እንዳለ ካወቀ ግን ስንቅ ያቀብላል፣ ጠበቃ ያፈላልጋል፣ ዋስ ያዘጋጃል፣ በቀጠሮ ቀን ፍርድ ቤት ይገኛል። «የለም» ከተባለ ይህ ሁሉ ይቆማል። ጠበቃው ማንን ይጠይቅ? ዋሱ የት ይቅረብ? ዳኛው ማንን አምጡ ይበል? ሰውየው በሕይወት አለ፤ በመንግሥት እጅም አለ። ቤተሰቡ ግን አለ ብሎ የሚያሳየው አንዲት ወረቀት የለውም።

ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በየጣቢያው የተያዙ ሰዎች ስም የሚሰፍርበት መዝገብ ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ ይስጥ። ማን ተያዘ? መቼ ተያዘ? ማን ያዘው? በምን ተጠርጥሮ? አሁን የት ነው? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ማንም ሰው ጠይቆ የጽሑፍ መልስ ያግኝ። ይህ ለእኛ የሚደረግ ችሮታ አይደለም። ሐቃችን ነው።

ምሳ ዕቃው እንደ መዝገብ

በአገራችን የሰው መታሰር የሚረጋገጠው በምሳ ዕቃ ነው። እናት ማልዳ ተነስታ ታበስላለች፤ ምሳ ዕቃውን በፌስታል ቋጥራ ወደ ቅርቡ ጣቢያ ትሄዳለች። የልጇን ስም እስከ አያት ትናገራለች። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ገብቶ ሲመለስ «ስንቁን አምጪ» ካላት ልጇ አለ ማለት ነው፤ አልሐምዱሊላህ ብላ ጥላ ሥር ትቀመጣለች። «የለም» ካላት ወደ ሁለተኛው ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ትሄዳለች። ማታ ያው ምግብ ቀዝቅዞ ወደ ቤት ይመለሳል። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ምግብ ይበስላል።

ከዚህ የባሰም አለ። ለሦስት ቀን ስንቅ ሲቀበል የቆየ ጣቢያ በአራተኛው ቀን «ተወስዷል» ይላል። ወዴት? «አናውቅም።» ማን ወሰደው? «ከላይ ነው።» ከዚያ በኋላ ቤተሰብ ምልክት ፍለጋ ይገባል። እንዲታጠብ የወጣ ቆሻሻ ልብስ፣ ባዶውን የተመለሰ ምሳ ዕቃ፣ ከእስር የተፈታ ሌላ ልጅ «ድምፁን ሰምቼዋለሁ» ያለው ወሬ፣ እነዚህ ሁሉ የልጁን መኖር መመስከሪያ ይሆናሉ። መንግሥት መዝገብ እያለው ሕዝቡ በልብስና በሳህን ይተረጉማል።

ገጠር ያለው ወገናችን ደግሞ ድርብ መከራ አለበት። ከቀበሌው ወረዳ ከተማ ድረስ በእግሩ ወይም ባለችው ብር ተሳፍሮ ይመጣል። ወረዳው «ዞን ተልኳል» ይለዋል፤ ዞኑ «አልደረሰንም» ይለዋል። የእርሻ ጊዜው ያልፋል፤ ለመጓጓዣ በግ ይሸጣል፤ ሌላ ጊዜ ሲመለስ ያንኑ መልስ ይሰማል።

አንድ ነገር ልብ እንበል። መዝገቡ ለሁሉም ዝግ ነው ማለት አይቻልም። በጣቢያው ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው በአንድ ስልክ የልጁን ቦታ ያውቃል። «የሻይ» የሚሰጥ ሰውም ያውቃል። የሚዘጋው በድሃው ላይ፣ ሰው በሌለው ላይ፣ አፍ መፍቻ ቋንቋው ሌላ በሆነው ላይ፣ ከሩቅ በመጣው ላይ ነው። ለባለ ዘመድ የሚነገር ነገር የአገር ምስጢር ሊሆን አይችልም። የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል ማለት ነው። መዝገቡ በሕግ ሲከፈት ይህ ንግድ ይዘጋል፤ አንዳንዶች መከፈቱን የማይወዱትም ስለዚህ ነው።

48 ሰዓቱ ከየት ይቆጠራል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከዚህ ውጭ የሚሆነው ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በንጉሡ ዘመን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ይህንኑ 48 ሰዓት ያውቃል። ሦስት መንግሥታት ያዩት ሕግ ነው።

ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ሰውየው ከቤቱ ወይም ከመንገድ ከተወሰደባት ደቂቃ ነው። መዝገቡን የሚያየው ግን ጻፊው ብቻ ከሆነ ሰዓቱም በጻፊው እጅ ነው። ሰኞ ሌሊት የተያዘ ልጅ ሐሙስ ዳኛ ፊት ሲቀርብ «ረቡዕ ተያዘ» ተብሎ ሊቀርብ ይችላል። ዳኛው ወረቀቱን ያያል፤ በወረቀቱ ላይ ሕጉ ተከብሯል። ልጁ «ሰኞ ነው» ቢል ማን ይመሰክርለታል? ቤተሰቡ ማክሰኞ ጣቢያው ድረስ ሄዶ «የለም» ተብሎ ተመልሷል፤ መሄዱንም የሚያሳይ ወረቀት የለውም። ማክሰኞ ከነስሙ ከነሰዓቱ የተጻፈ መልስ ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ረቡዕን ማንም ሊፈጥር አይችልም ነበር።

እነዚያ የጠፉ ሰዓታት እንዲሁ የሚያልፉ ሰዓታት አይደሉም። ሰው «እመን» ተብሎ የሚደበደበው፣ ያላነበበውን ወረቀት ፈርም የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ማንም የት እንዳለ በማያውቅበት ሰዓት ነው። ያው አንቀጽ 19 ማንም በማስረጃነት የሚቀርብ ቃል እንዲሰጥ አይገደድም ይላል፤ ተገዶ የተሰጠ ቃልም ተቀባይነት የለውም ይላል። ግን መገደዱ የተፈጸመበት ሰዓት በመዝገብ ላይ ከሌለ ምን ይዘን እንከራከራለን? ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ እሰየው። ነገር ግን ማዕከላዊን የፈራነው ለግድግዳው አልነበረም። ውስጡ ማን እንዳለ፣ ምን እየተደረገበት እንደሆነ ውጭ ያለው ሰው ባለማወቁ ነበር። ይህ አለማወቅ ካልተዘጋ ሕንፃው ቢዘጋ ሌላ ሕንፃ ይተካል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ሰዎች ከመደበኛ ማቆያ ውጭ የሚያዙባቸው ቦታዎች እንዳሉ በሪፖርቶቹ በተደጋጋሚ ገልጿል።

ሕግ ለዚህ መድኃኒት አስቀምጧል፤ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ይባላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንኡስ አንቀጽ 4 አለ፤ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 ጀምሮም አለ። ፍርድ ቤቱ ያሰረውን አካል «ሰውየውን ይዘህ ቅረብ፣ ለምን እንደያዝከውም አስረዳ» ብሎ ያዛል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን አቤቱታው «ተጠሪ» ይፈልጋል። የትኛው ጣቢያ? የትኛው መምሪያ? ጣቢያው መጥቶ «እኛ አልያዝነውም» ቢል ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል። መድኃኒቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ቁልፉ ግን መዝገቡ ነው፤ መዝገቡንም የያዘው ተከሳሹ ነው።

በአስቸኳይ ጊዜ የታዘዘው በሰላም ጊዜ ለምን ይከለከላል?

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን ድንጋጌ እናንሳ። ኡስታዞች ለደረሶቻችሁ፣ አባቶች ለልጆቻችሁ አስተምሩት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይናገራል። አገር በወረራ ወይም በከባድ አደጋ ውስጥ ስትሆን መንግሥት ብዙ መብቶችን ለጊዜው ሊገድብ እንደሚችል ይፈቅዳል። በዚያው አንቀጽ ንኡስ አንቀጽ 5 ላይ ግን አንድ መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም ያዛል። የቦርዱ የመጀመሪያ ሥራ ምን መሰላችሁ? በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስም በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ይፋ ማድረግና የታሰሩበትን ምክንያት መግለጽ ነው።

እስቲ እናስተውል። ሌላው መብት በሚገደብበት፣ ሰዓት እላፊ በሚታወጅበት፣ ወታደር አደባባይ በሚቆምበት በዚያ ጊዜ እንኳ ሕገ መንግሥቱ የታሳሪ ስም ምስጢር እንዲሆን አልፈቀደም። እንዲያውም ለሕዝብ ይነገር አለ። በጭንቁ ጊዜ ይነገር የተባለ ስም በሰላሙ ጊዜ በምን ሕግ ይደበቃል? ይህን የሚመልስልን ባለሥልጣን ካለ መልሱን ለመስማት ዝግጁ ነን።

ሌሎችም አሉ። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ የተከለከለ ሰውም እስከ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ድረስ አቤት እንዲል መንገድ ከፍቷል። አንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘትና በእነርሱም የመጎብኘት ዕድል እንዲያገኝ ያዛል። የሃይማኖት አማካሪ የተባለው የየመስጂዱ ኢማም፣ የየመድረሳው ኡስታዝ ነው። የት እንዳለ ያልተነገረንን ሰው እንዴት አድርገን እንጎበኛለን? መዝገቡን መዝጋት ማለት አንቀጽ 21ን ከነሙሉ ቃሉ መሰረዝ ማለት ነው።

የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽንም በ2006 ዓ.ም. ሉዋንዳ ላይ ስለ መያዝና በፖሊስ ጥበቃ ሥር ስለመቆየት ባጸደቀው መመሪያ፣ መንግሥታት የታሳሪ መዝገብ እንዲይዙ፣ መዝገቡም ለታሳሪው፣ ለቤተሰቡና ለጠበቃው እንዲገለጥ ጠይቋል። የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ያለው በመዲናችን ነው። ከኅብረቱ አዳራሽ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ጣቢያ ይህን መመሪያ አያውቀውም ማለት ያሳፍራል።

ዲናችንስ ምን ያስተምረናል?

ይህን ጥያቄ ከሕግ መጽሐፍ ብቻ አላገኘነውም። በሱነን አቡ ዳውድ የተዘገበ አንድ ሐዲስ አለ። ጎረቤቶቹ የተያዙበት አንድ ሰው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ኹጥባ እያደረጉ ሳለ ተነስቶ ጎረቤቶቹ በምን ምክንያት እንደተያዙ ጠየቃቸው። ሁለት ጊዜ ፊታቸውን መለሱ። ሰውየው ግን ከመናገር አልተቆጠበም። በመጨረሻ ጎረቤቶቹ እንዲለቀቁለት አዘዙ።

ጀመዓው ይህን ሐዲስ በደንብ ያስብበት። የተጠየቀው የአገሩ መሪ ነው፤ ያውም የአላህ መልእክተኛ። የተጠየቀው በመስጂድ ውስጥ፣ በኹጥባ መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ጠያቂው ስለ ልጁ ወይም ስለ ወንድሙ አልጠየቀም፤ ስለ ጎረቤቱ ነው የጠየቀው። የጠየቀውም መጀመሪያ «ልቀቁ» ብሎ ሳይሆን «በምን ተያዙ?» ብሎ ነው። ስለ ጠየቀ አልታሰረም፣ «አንተ ምን አገባህ?» አልተባለም፣ «የምርመራ ምስጢር ነው» አልተባለም። እንግዲህ ዛሬ ስለ ጎረቤቱ የሚጠይቅ ሙስሊም ሁከት ፈጣሪ የሚባልበት ምክንያት ምንድን ነው?

የኢማም አቡ ሐኒፋ ደረሳ የነበሩት ቃዲ አቡ ዩሱፍም ለኸሊፋው ለሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት «ኪታቡል ኸራጅ» ስለ እስረኞች መክረዋል። ለእስረኞች የሚሰጠውን ቀለብ በመልካምነቱ የታወቀ ሰው እንዲይዘው፣ ያ ሰው የእስረኞቹን ስም መዝግቦ እንዲያስቀምጥ፣ በየወሩም እየተቀመጠ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ በእጁ እንዲሰጠው አሳስበዋል። የእስረኛ ቁጥር የሚበዛው ጉዳያቸውን የሚመረምር በመጥፋቱ እንደሆነም ለኸሊፋው በግልጽ ነግረዋል። ይህ የተጻፈው ከ1200 ዓመት በፊት ነው። ኮምፒዩተር ያለው የዛሬ ጣቢያ እስረኛን በስሙ መጥራት እንዴት ያቅተዋል?

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ በሱረቱል በቀራ ውስጥ ያለው የዕዳ አንቀጽ ነው። ዕዳ ትንሽም ቢሆን ትልቅም ቢሆን ከነጊዜው እንዲጻፍ፣ ጻፊውም በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክርም እንዲኖር ያዛል። ለጥቂት ዲርሃም ይህን ያህል ጥንቃቄ ከታዘዘ፣ ነፍስ ያለው ሰው በመንግሥት እጅ ሲገባ ያለ ጽሑፍ፣ ያለ ምስክር ይግባ? የታሰረ ሰው በአሳሪው እጅ ያለ አደራ ነው። አደራ የተቀበለ «ተቀብያለሁ» ብሎ ይፈርማል፤ ሲጠየቅም ያሳያል።

«ምርመራ ይበላሻል»፣ «ስማቸው ይጠፋል»

የሚቀርቡብንን መልሶች እናውቃቸዋለን። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው «ምርመራ ይበላሻል» የሚለው ነው። የምርመራ መዝገብና የታሳሪ መዝገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምስክር ማን እንደሆነ፣ ምን ማስረጃ እንደተገኘ፣ ማን እየተፈለገ እንደሆነ ንገሩን አላልንም። ያ የመርማሪው ሥራ ነው። እኛ የምንጠይቀው ሰውየው መያዙንና ያለበትን ቦታ ነው። በጎረቤት ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ በመኪና የተወሰደ ሰው መታሰሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ግብረ አበር ቢኖረውም መጀመሪያ የሚሰማው እርሱ ነው። በመደበቁ ሳያውቅ የሚቀረው ቤተሰብና ጠበቃ ብቻ ነው።

ሁለተኛው «ንጹሕ ሊሆን የሚችል ሰው ስሙ ይጠፋል» የሚለው ነው። ይህ ቁም ነገር ያለው ስጋት ነው፤ አናቃልለውም። በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች የታሳሪዎች ዝርዝር በሕግ ክፍት ነው። ያንን ክፍትነት ተጠቅመው የታሳሪዎችን ፎቶ ሰብስበው በይፋ የሚያወጡ፣ ለማንሳት ደግሞ ገንዘብ የሚጠይቁ ነጋዴዎች ተነስተው ነበር፤ አንዳንድ ግዛቶችም ይህን የሚከለክል ሕግ እስከማውጣት ደርሰዋል። ዲናችንም የሰውን ነውር መሸፈንን ያስተምረናል። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ ፎቶ ይለጠፍ፣ ስም በግድግዳ ይሰቀል አይደለም። በስም የጠየቀ ሰው መልስ ያግኝ ነው። ታሳሪው ራሱ «ለእገሌ እንዳይነገርብኝ» ካለ በጠበቃው ፊት ፈርሞ ይከልክል፤ መብቱ የእርሱ ነው። ፖሊስ ግን በታሳሪው ክብር ስም ታሳሪውን ሊደብቅ አይችልም።

ደግሞስ ይህን ስጋት የሚነግረን ማን ነው? በ2005 ዓ.ም. «ጀሃዳዊ ሀረካት» የተባለው ፊልም በመንግሥት ቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ የእነዚያ ወንድሞቻችን ክስ ገና በፍርድ ቤት እየታየ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ጥፋተኛ እስኪባሉ እንደ ንጹሕ ይቆጠሩ ያላቸው ሰዎች ከነፊታቸው ለአገር ሁሉ በሽብርተኝነት ታዩ። ያን ጊዜ ስማቸው አልጠፋም? ስም ለቴሌቪዥን ሲሆን ክፍት፣ ለእናት ሲሆን ዝግ መሆን የለበትም።

ሦስተኛው «ሕዝብ ጣቢያ ይከብባል፣ ረብሻ ይነሳል» የሚለው ነው። ሕዝብ የሚሰበሰበው ባለማወቁ ነው። ልጁ የት እንዳለ፣ መቼ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ የተነገረው አባት ጠበቃ ፍለጋ ይሄዳል። ያልተነገረው አባት በር ላይ ይቆማል፤ አሉባልታም እዚያ ይወለዳል። «ተገደለ» የሚል ወሬ የሚያበርደው አንድ መስመር የጽሑፍ መልስ ነው።

የምንጠይቀው

1ኛ፦ የተያዘ ሰው ሁሉ ጣቢያ በገባባት ሰዓት ስሙ እስከ አያት፣ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ የያዘው ኃይል፣ የተጠረጠረበት ምክንያት በመዝገብ ይስፈር። በሲቪል ልብስ ሰዎች የተያዘም ቢሆን ያው ነው።

2ኛ፦ ስም ጠቅሶ የጠየቀ ማንኛውም ሰው በዕለቱ፣ ያለ ክፍያ፣ ማህተም ያለበት የጽሑፍ መልስ ያግኝ። «የለም» የሚለው መልስም በጽሑፍና በፊርማ ይሁን። በቃል የሚሰጥ «የለም» ማንንም ተጠያቂ አያደርግም።

3ኛ፦ ታሳሪ ሲዛወር ወዴት፣ በማን ትዕዛዝና በስንት ሰዓት እንደሄደ ይጻፍ፤ ቤተሰቡም በዚያው ቀን ይነገረው።

4ኛ፦ ጠያቂ ዘመድ የሌለውም ሰው አለና፣ ጠበቆች፣ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሠራተኞችና ጋዜጠኞች ሙሉውን መዝገብ የማየት መብት ይኑራቸው። በየጣቢያው በር ላይም የዕለቱ ታሳሪ ብዛት በቁጥር ይለጠፍ።

5ኛ፦ በመዝገብ ያልሰፈረ ሰው ይዞ የተገኘ ኃላፊ በሕግ ይጠየቅ።

ይህ ጥያቄ የሙስሊሙ ብቻ አይደለም። በየጣቢያው በር ምሳ ዕቃ ይዛ ከሙስሊሟ እናት ጎን የቆመችው ክርስቲያኗ እናት ናት። መዝገቡ ሲከፈት ለሁለቱም ይከፈታል። በዚህ ጉዳይ ከማንኛውም ሃይማኖት፣ ከማንኛውም ብሔር ወገናችን ጋር አብረን እንቆማለን።

በየመስጂዳችን ምን እናድርግ?

መንግሥት እስኪመልስልን እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅም። እያንዳንዱ ጀመዓ የራሱን መዝገብ ይያዝ። አንድ ደብተር፣ አንድ ታማኝ ጻፊና ሁለት ምስክር ይበቃሉ። ወንድማችን ወይም እኅታችን ሲያዙ ስም እስከ አያት፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የያዙት የለበሱት ልብስና የመጡበት መኪና፣ ያየ ሰው፣ ስንቅ የተቀበለው ጣቢያ፣ የተመለሰበት ቀን ሁሉ ይጻፍ። ከዓመት በኋላ ፍርድ ቤት የሚጠይቀን ይህንን ነው፤ የሰው ትዝታ ይደበዝዛል፤ በዕለቱ የተጻፈ ግን ይቆያል።

ጣቢያ ብቻችንን አንሂድ። ሁለት ሦስት ሆነን፣ ከሽማግሌ ጋር፣ በአደብ እንሂድ። ጥያቄያችንን በሁለት ቅጂ ጽፈን አንዱን ገቢ እናድርግ፤ ሌላውን ማህተም አስመትተን እንያዝ። ማህተም አልመታም ካሉ ቀኑን፣ ሰዓቱንና እምቢ ያለውን ሰው ማዕረግ በደብተራችን እንጻፍ። 48 ሰዓት ካለፈ ከጠበቃ ጋር ሆነን አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ እናቅርብ። ለእንባ ጠባቂ ተቋምና ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ቅጂ እንላክ። በየከተማው ያላችሁ ሙስሊም ጠበቆች፣ ከወር ውስጥ ጥቂት ቀን ለዚህ ሥራ ስጡ፤ ሰደቃችሁ ይህ ይሁን።

ሁለት ጥንቃቄ ግን አደራ እንላለን። አንደኛ፣ ያላረጋገጥነውን ስም አንጻፍ። አላህ በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ አዞናል። አንድ የውሸት ስም አሥር እውነተኛ ስሞችን ያስክዳል። ሁለተኛ፣ ቤተሰብ ሳይፈቅድ የማንንም ስምና ፎቶ በአደባባይ አንዘርጋ። ደብተሩ ለፍትሕ የተያዘ ነው፤ ለወሬ አይደለም።

ውድ ጀመዓዎች! ጎረቤቱ የተያዘበት ያ ሰው ሁለት ጊዜ መልስ ባያገኝም ዝም አላለም። እኛም ሁለት ጊዜ «የለም» ብንባል ሦስተኛ እንጠይቃለን። የምንጠይቀው በሰላም ነው፤ የምንጠይቀው በሕግ ነው፤ የምንጠይቀው ሐቃችንን ነው። በእስር ላይ ያሉ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን አላህ ያጽናናቸው፣ ቤተሰቦቻቸውንም ሰብር ይስጥ። በዱዓችሁ አትርሷቸው፤ በደብተራችሁም አትርሷቸው።

የታሳሪዎች መዝገብ ይከፈት!
«የለም» ያለ በጽሑፍ ይፈርም!
ሰላማዊ ትግላችን ይቀጥላል፣ ኢንሻአላህ!
አላሁ አክበር!